የጓሮ በሩ ነሐስ

በየሰበካው «አላውቅም» የሚለውን ቃል ሳይማር ያረጀ አንድ ሰው አለ። በእኛ ሰበካ እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ፣ አትቀየሙኝና፣ ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

በእኛ በክሉንብራክ ይህን ከፍተኛ ሹመት የያዙት ክቡር ሊቀ ጠበብት ጃርላት ታኒ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ እንደ እርሳቸው ሳታገባ ከቀረችው እህታቸው ከአትራክታ ጋር ይኖራሉ። ጥቂት በጎች፣ አንድ ትራክተርና በሩ ተዘግቶ የማያውቅ አንድ መጋዘን አላቸው። አንቱታው ግን እዚህ ላይ ይብቃኝ። አርባ ዓመት ሙሉ አጥሬ ላይ ተደግፎ ጢሜን እንዴት መላጨት እንዳለብኝ ሲያስተምረኝ የኖረን ሰው አንቱ እያልኩ ይህን ጽሑፍ መጨረስ አልችልም።

ጃርላት ፖለቲካውን ለመጠጥ ቤቱ፣ የዝናቡን ነገር ለሬዲዮው ትቷል። የእሱ ሙያ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ ዕቃ ለምን ያገለግላል? እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት መጋዘኑ ይጸዳል፤ መጋዘን ሲጸዳ ደግሞ የሟች ልጆች እንኳ የማያውቁት የዛገ ብረትና የተጣመመ እንጨት ይወጣል። ሁሉም ተሸክሞ ወደ ጃርላት ይሄዳል። እሱም ይቀበላል፣ በመዳፉ ይመዝናል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። «ይኼማ ግልጽ ነው» ይላል። ባለዕቃው ያላመነ ከመሰለው ደግሞ «እስቲ እጅህን ስጠው፤ ራሱ ይነግርሃል» ብሎ ይመልስለታል።

ዕቃው የሚነግረው ሁልጊዜ እውነት ነው ማለት አይደለም። የድሮው ትምህርት ቤት ጣሪያ ሲፈርስ አንድ ቆልማማ ብረት ተገኘና ጃርላት ዘንድ ቀረበ። «ይኼማ ግልጽ ነው፤ ዝይ ሲታረድ አንገቱ የሚያዝበት ነው» አለ። የሟቹ ቄስ ምግብ አብሳይ የነበሩት አሮጊት ግን ገና ከሩቅ አይተው የአባን አልጋ እግር ለዩት። ጃርላት ቅንጣት አላፈረም። «አባ ዝይ ቢኖራቸው ኖሮ እኔ ባልኩት ይጠቀሙበት ነበር» አለ።

ጳጳሱ ልጆቹን በቅብዓ ሜሮን ሊያጸኑ የመጡ ጊዜ፣ ሕዝቡ ተሰልፎ ቀለበታቸውን ሲስም ጃርላት በትራቸውን ተቀብሎ አገላበጠው። የበትሩ ቆልማማ ጫፍ የበግ አንገት ለመያዝ ጠባብ መሆኑን፣ የኋላ እግር ለመያዝ ግን ልክ መሆኑን አስረዳቸው። ጳጳሱ ሲሄዱ ከመኪናቸው ወርደው የታኒዎችን አጥር ተሻግረው ሲሞክሩት ያየ ሰው አለ። እኔ አላየሁም፤ ካየው ሰው ግን ሰምቻለሁ።

የራሴን ልጨምር። ልጄ ከጀርመን አገር ራስ ማሻሻ ላከችልኝ፤ እጀታ ያለው፣ ከሥሩ ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉበት። ጃርላት አየውና ከፈላ ውሃ ውስጥ እንቁላል ማውጫ ነው አለኝ። ሳቅሁበት። በማግስቱ ባለቤቴ ሞከረችው፤ እንቁላሉ ሳይሰነጠቅ ወጣ። እስከ ዛሬ ድረስ የሚሠራው እሱን ነው፤ ራሴን የሚያሽልኝ ግን የለም።

እንዲህ ያለ ሰው በራሱ ቤት ስላለው ዕቃ ጥያቄ ይኖረዋል ብላችሁ አታስቡ። የታኒዎች የጓሮ በር ሥር አንድ ነሐስ ተጋድሞ ይኖር ነበር። ቅርጹ የለየለት ባላ ነው፤ ርዝመቱ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ። ሁለት ጣቶችና አንድ ጭራ አለው፤ የሁለቱም ጣቶች ጫፍ የተበሳ ነው፣ ጭራው መጨረሻ ላይ ደግሞ ጉብታ አለው። ቅድመ አያታቸው ከረግረጉ የማገዶ አፈር ሲቆርጡ፣ ከሦስት አካፋ ጥልቀት ሥር አገኙት። በማግስቱ ከሥሩ የእንጨት ሽብልቅ አስገቡበትና ቦት ጫማ ማውለቂያ አደረጉት። በግራ እግር ጭራውን መርገጥ፣ የቀኙን ተረከዝ ባላው ውስጥ ማስገባት፣ መጎተት። አራት ትውልድ ታኒ በዚያ ነሐስ የጭቃ ቦቱን ሲያወልቅ ኖሯል። እኔም ሻይ በተጠራሁ ቁጥር አውልቄበታለሁ።

አምና በጸደይ ከዋና ከተማችን ከደብሊን የሙዚየም ሰዎች መጡ። አሮጌ ዕቃ ያለው ሁሉ ወደ ሰበካው አዳራሽ ያምጣ ተባለ። ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ ጃርላት ወንበር ይዞ መጣ። ወንበሩንም ከጠረጴዛው ጀርባ፣ ከዶክተር ብላናድ አጠገብ አስቀመጠ። ዶክተሯ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ መነጽሯ ሁልጊዜ ወደ አፍንጫዋ የሚንሸራተት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ጃርላትን አይቶ የተነገረ ነው። እሷ አፏን ሳትከፍት እሱ መልሶ ይጨርሳል። «አመሰግናለሁ አቶ ታኒ» አለችው። አሥራ አንድ ጊዜ አለችው፤ ቆጥሬያለሁ።

አትራክታ ስትመጣ እቅፏ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ያን የጓሮ ነሐስ ዕድሜዋን ሙሉ የእግር ጣቷን ስትመታበት ኖራለች። ሐሳቧ ከሙዚየም ሰው አፍ «ቁርጥራጭ ብረት ነው» መባሉን ሰምታ ጃርላት ፊት መጣል ነበር። ሆኖም ባለሙያ ሴት ናትና ሰው ፊት ከማቅረቧ በፊት በኮምጣጤና በአመድ ፈትጋዋለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፎጣውን ገለጠችው።

ዶክተር ብላናድ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበች። ቦርሳዋን ከፍታ ነጭ የጥጥ ጓንት አጠለቀች።

«ይኼን ከየት አገኛችሁት?»

«ቅድመ አያታችን ናቸው፤ ከረግረጉ» አለች አትራክታ።

«እስከ ዛሬስ የት ነበር የተቀመጠው?»

አትራክታ ጓንቱን አየች። ነጭነቱ ዓይን ይወጋል። የእኛን ሰው ካላወቃችሁት እዚህ ላይ እወቁት፦ በኑዛዜ ኃጢአቱን አንድም ሳያስቀር ይዘረዝራል፤ የጓሮ በሩን ግን ለእንግዳ አያሳይም። ያቺ በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ቀና ብላ፦

«ሳሎን ነው የነበረው» አለች። «ግድግዳ ላይ። ከልበ ኢየሱስ ሥዕል ሥር።»

ጃርላት አፉን ከፈተ። አትራክታ የእሑድ ጫማዋን ተረከዝ እግሩ ላይ አሳረፈችው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ ያለ ቃል ዘጋው።

«ሁለት ሺህ ዓመት ይሆነዋል» አለች ዶክተሯ። «የአገራችን የጥንት ሰዎች፣ የኬልቶች ሥራ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ መቶ ያህል ተገኝቷል። ለምን እንደሚያገለግል ግን ማንም አያውቅም።»

ማንም አያውቅም! ጃርላት ላይ ይህ ቃል እንደ እሾህ ነው የተሰካው። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሞ ደገመልኝ። «ማንም አያውቅም አለች፣ ሰማህ ፌስተስ? እኔ እኮ ዛሬ ጠዋት ተጠቅሜበታለሁ!»

ነሐሱ ወደ ደብሊን ሄደ። በመስከረም ለአትራክታ ደብዳቤ መጣ። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሦስታችን ተቀምጠን አነበበችልን። ዶክተር ብላናድ በእነዚህ ባላ ነሐሶች ላይ ሰባት ዓመት ሠርታለች፤ ታላላቆቹ ፕሮፌሰሮች ሕልመኛ ይሏታል። አሁን ግን የእኛው ነሐስ ሌሎቹ ላይ የሌለ ምልክት አለበት፤ የባላው ውስጠኛ ክፍል ልስልስ ባለ ነገር ለብዙ ዘመን ተፈግፍጎ አብረቅርቋል። እንደ እሷ ግምት ይህ የመሐላ ዕቃ ነው። የጥንት አለቆች የእጃቸውን አንጓ ባላው ውስጥ አስገብተው ይምሉ ነበር፤ ያ ልስላሴ የመቶዎች እጅ አሻራ ነው። በኅዳር ይህንኑ በሊቃውንቱ ጉባኤ ፊት ታቀርባለች፤ ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ግን ዕቃው የእኛ ነውና መጀመሪያ ለክሉንብራክ ሰው ትነግራለች። «ይህን ዕድል ለሰጠኝ ቤታችሁ በሥራዬ ሁሉ ባለዕዳ ነኝ» ብላ ጨረሰች።

ሻያችን ቀዘቀዘ።

«ልስልስ ያለ ነገር ነው የምትለው?» አለ ጃርላት።

«አዎ።»

«የጎማ ቦቴ ነው።»

«ጃርላት ታኒ፣ ይኼን ነገር ከአፍህ ብታወጣ ሞቼ ነው የምታገኘኝ!»

«ልጅቷ እኮ ደብሊን ሄዳ በእነዚያ ሽማግሌዎች ፊት የእኔን ተረከዝ የንጉሥ አንጓ ነው ልትል ነው!»

«ትበል እንጂ! ደስ ብሏታል አይደል? ምን አገባህ? ደግሞስ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለ ጃርላት።

ይህን ቃል ከእሱ አፍ በቀን ሠላሳ ጊዜ እሰማዋለሁ፤ እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ ግን ሰምቼው አላውቅም። አትራክታ ደብዳቤውን አጠፈችና በመጎናጸፊያዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ለእሷ የሚታያት አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሳቀባት፣ ውሸታም ተብላ በጓሮ በሯ ስትወጣ ነበር። ለእሱ የሚታየው ደግሞ ያቺ መነጽረኛ ልጅ ናት፤ አንድ ቀን አንድ ክፉ ሽማግሌ ነገሩን ደርሶበት ሰባት ዓመቷን እንደ ቦት ሲያወልቅባት። እኔን ምን ይሻላል ብለው ጠየቁኝ። እኔ ጀግናው «ዝም አይነቅዝም» አልኩና ኮፍያዬን አነሳሁ።

በዚያ መኸር ጃርላት ሌላ ሰው ሆነ። ጎረቤታችን ባርትሊ ሄኒ ከአክስቱ መጋዘን ያወጣውን ጥርሳም የብረት ጎማ ቢያመጣለት «ተወው፣ እስቲ ሌላ ቀን አየዋለሁ» አለው። ባርትሊ ደንግጦ ሄደ፤ በማግስቱ የሰበካው ነርስ የጃርላትን የደም ግፊት ልትለካ መጣች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ብሎ ፈርቶ መሰለኝ መጠጥ ቤቱንም ተወው። አጥሬ ላይ መደገፉን እንኳ አቆመ። አንድ ሳምንት ሙሉ እንደፈለግሁ ተላጨሁ፤ አንድም ቀን አልጣመኝም።

ዶክተሯ ያለችው እሑድ ደረሰች። ከቅዳሴ በኋላ በስምንት ሰዓት አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ደፍ ላይ ተቀምጧል። ጃርላት በእሑድ ሱሪው ሥር የጭቃ ቦቱን አድርጎ መጣ። «በሰንበት! በሰው ፊት!» እያለች አትራክታ እስከ በሩ ተጨቃጨቀችው። እሱ መልስ አልሰጣትም። የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን፤ እሷ በቀኙ፣ እኔ በግራው።

ዶክተር ብላናድ አንጥረኛ በነሐስ የሠራላትን የዕቃውን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ነበር፤ ሕዝቡ እንዲነካው ብላ። እናም ተናገረች። ወገኖቼ፣ እንዴት አድርጋ ተናገረች! መብራቱ ጠፍቶ የዚያ የባላው ብሩህ ጎድጓዳ ሥዕል ግድግዳውን ሞላው። «እዚህ ላይ» አለች፣ «እውነት ለመናገር የፈለገ ሰው ሁሉ እጁን አሳርፏል። ወገን ከወገን የታረቀበት፣ አለቃ ለሕዝቡ የማለበት ቦታ ይህ ነው።» ባርትሊ ሄኒ ኮፍያው ውስጥ አለቀሰ። ነገሩን የማውቀው እኔ ራሴ መሐረቤን ፈለግሁ። ሰው ሁሉ ያችን ቅርንጫፍ መሳይ ነሐስ አያቱ የሠሩት ያህል ቀና ብሎ ተቀምጧል።

መብራቱ በራ። ጭብጨባው ሲበርድ «ጥያቄ ያለው ሰው አለ?» አለች።

አትራክታ የወንድሟን ኮት ጫፍ ጨምድዳ ያዘች። ጃርላት ተነሳ። ስትጎትተው እጆቹን ወደ ኋላ ላከና ከኮቱ ወጣ፤ ኮቱ እጇ ላይ ቀረ። በሸሚዙ ብቻ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ቅጂውን አነሳ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠው፣ ከሱሪ ኪሱ የእንጨት ሽብልቅ አወጣና ከሥሩ ሸጎጠ። ለካ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። በግራ እግሩ ጭራውን ረገጠ፣ የቀኙን ተረከዝ ባላው ውስጥ አገባ፣ ጎተተ። ቦቱ «ሿፕ» ብሎ ወጣ። አውራ ጣቱ ከአረንጓዴ ካልሲው ብቅ ብላ ሕዝቡን አየች።

«ዶክተር» አለ፣ «አለቆቹ እኛ ነን። ቅድመ አያቴ፣ አያቴ፣ አባቴ፣ እኔ። ግድግዳ ላይ ውሎ አያውቅም፤ የኖረው ጓሮ በር ነው። እህቴ ያለችው ጓንትሽ ነጭ ሆኖባት፣ አፍራ ነው፤ በሷ አትፍረጂባት። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ዝም ማለት አልችልበትም፤ የማልችልበትን ነገር ደግሞ በማይሆን ቦታ ሞከርኩት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ሊውጥ ሲሞክር ትን አለው። አትራክታ ፊቷን በኮቱ ሸፈነች። ዶክተር ብላናድ ግድግዳው የተቀባበትን ኖራ መሰለች። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ብታለቅስ ከጃርላት ጋር አርባ ዓመት ያደረግሁት ጉርብትና እዚያው ያበቃ ነበር።

መነጽሯን ወደ ላይ ገፋች።

«የቀኙ እግር ነው የሚቀድመው?» አለች።

«የኔና የአያቴ አዎ። አባቴ ግን ግራኝ ነበር፤ ከግራ ነው የሚጀምረው።»

«የጉብታው ፊት ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

«ወደ ታች። ወደ ላይ ከሆነ እግርሽን ያማል።»

ወደ ኮምፒውተሯ ሮጠች። ሥዕሎቹን እየቀያየረች ግድግዳው ላይ በጣቷ ታሳያለች፣ እሱ ባንድ ቦትና ባንድ ካልሲ እያነከሰ ይከተላታል። «ይኼ ፍግፍጋት?» «የኔ ነው።» «ይኼስ በግራ በኩል ያለው?» «አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማርና።» «ይኼ ጭራው ላይ ያለው ጭረት?» «ቅድመ አያቴ ጫማቸው ምስማር ነበረው ይባላል።» እንዲህ እያሉ ያን የመሰለ የነገሥታት ዘመን አንድ በአንድ ወደ ታኒዎች ቤት መለሱት። መጨረሻ ላይ የሁለቱ ጣቶች ጫፍ ቀረ፤ ቀዳዳዎቹ ወደ ውጭ በኩል ተበልተዋል።

«ይኼስ?»

ጃርላት ቀርቦ አየው። «ይኼ የኛ አይደለም» አለ። «እዚያ እግር አይደርስም። የነካው ታኒ የለም።»

ዶክተር ብላናድ በረጅሙ ተነፈሰችና ከት ብላ ሳቀች። ሰባት ዓመት ያንገላታት ይኼ ነበር ለካ። በሌሎቹ መቶ ነሐሶችም ላይ ቀዳዳዎቹ እንዲሁ ወደ ውጭ ተበልተዋል፤ የእኛው ብሩህ ጎድጓዳ ሲመጣ ግን ዓይኗን ወሰደው፣ ጫፎቹንም ተወቻቸው። «የናንተን ለናንተ መልሰን የቀረው የነሱ ነው!» አለች። «ጫፎቹን የሚጎትት ነገር ነበር። ቀለበት። ሁለት ቀለበት፣ ይህን ያህል ተራርቀው።» በሁለት እጇ አሳየችው።

ጃርላት በሁለቱ እጆቿ መሃል ያለውን ርቀት ተመለከተ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይኼማ…» አለና ቆመ። ወደ አትራክታ አየ፤ ወደ ዶክተሯ አየ። «ይኼማ፣ እኔ እንጃ፣ መሞከር አለበት። ባርትሊ፣ ባዝራህን ልጓሟን አግብተህ አምጣት።»

የባርትሊ ባዝራ ስሟ ዱቼስ ነው። በሰበካችን ያልነከሰችው ሰው ቢኖር ክርስትና ያልተነሳ ነው። ሰው ሁሉ ዝናብ እየመታው ወጣ። ጃርላት የቅጂውን ሁለት ጫፎች ከልጓሟ ሁለት ቀለበቶች ጋር በገመድ አሰራቸው፤ ባላው ከአገጯ ሥር ገጠመ፣ ጭራው እንደ እጀታ ወደ ታች ተንጠለጠለ። የጭራው ጉብታ መዳፉ ውስጥ ልክ ገባ። ዱቼስ እንደ ልማዷ ጥርሷን ገልጣ ዞረች፤ መዞር ግን አልቻለችም። ባላው ራሷን ቀጥ አድርጎ ይዞታል፣ ክንዱ ደግሞ ከጥርሷ ርቋል። አንዴ በአፍንጫዋ ነፋች። ከዚያ ተራመደች።

ከአዳራሹ በር እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩ እስከ አዳራሹ በር! ጃርላት አንድ እግሩ ቦት፣ አንድ እግሩ ጭቃ የጠጣ ካልሲ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ ባላውን ይዞ ፊት ፊት ይሄዳል። ክቡርነታቸውን ያኔ ብታዩአቸው አንቱ ከማለት ሌላ ምርጫ አይኖራችሁም ነበር። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ ባርትሊ የገዛ ፈረሱን እንደማያውቃት ሁሉ «እቺ ማናት?» ይላል። ዶክተር ብላናድ መነጽሯ በዝናብ ታውሮ ከጎናቸው ትሮጣለች።

«ተረጋገጠ ማለት ነው?» ብዬ ጮህኩባት።

«ኧረ አልተረጋገጠም! ገና ነው! ግን ባዝራዋን እያት!»

ከአዳራሹ በር ላይ አትራክታ ቆማ ነበር፤ ኮቱን እንዳቀፈች። ማንም አልሳቀባትም። ሁለት ጎረቤቶቿ መጥተው፣ አንዷ በቤቷ የብር መስሎ የተቀመጠው የሻይ ማንኪያ ቆርቆሮ መሆኑን፣ ሌላዋ የሳሎኗ ምንጣፍ ከሥሩ ቀዳዳ እንዳለው ሹክ አሏት። ከዚያ ሦስቱም ተቃቅፈው መንገዱን ያዩ ጀመር።

በኅዳር ዶክተሯ ሁለቱንም ታሪክ፣ ቦቱንም ባዝራዋንም፣ ሳታስቀር ለሊቃውንቱ አቀረበች። አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር የዘመኑን ፍግፍጋት ከጥንቱ በምን መሣሪያ እንደለየች ጠየቃት አሉ። «ባለቤቶቹን ጠየቅኳቸው» አለች። ለማጨብጨብ መጀመሪያ የተነሳው ያው ሽማግሌ ነው፤ ሌሎቹ ተከተሉት።

በጥር ሦስታችን በአውቶቡስ ደብሊን ሄደን አየነው። ነሐሱ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ በራሱ መብራት ሥር ተኝቷል። ሥሩ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «ባላ ነሐስ። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ። የመጀመሪያ ጥቅሙ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ፈረስ ለመምራት ሊሆን ይችላል። የመጨረሻ ጥቅሙ፦ ቦት ጫማ ማውለቂያ፣ የታኒ ቤተሰብ፣ ክሉንብራክ፣ እስከ አምና ጸደይ ድረስ።» ከመቶው ውስጥ ጥቅሙ ያለ ጥርጥር የታወቀ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእኛው ነው። አትራክታ ሦስት ጊዜ አነበበችውና «ጓሮ በር አላሉም፣ ጨዋ ልጅ ናት» ብላ ኮሌታዋን አስተካከለች። ጃርላት ግን ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ለሚያልፈው ሁሉ ማስረዳት ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ የሙዚየሙ ጥበቃ ራሱ ወንበር አመጣለት።

አሁን የታኒዎች ጓሮ በር ባዶ ነው። ከእንጨት አንድ ሠርቼ ሰጠሁት፤ ማዘንበያው ልክ አይደለም አለ። ሁለተኛም ሠራሁ፤ እንጨቱን ነቀፈው። ስለዚህ ሥራ ሲጨርስ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣና የእኔ ጓሮ ደረጃ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያነሳል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ጎንበስ እላለሁ፣ ቦቱን በሁለት እግሮቼ መሃል እይዛለሁ፣ እሱ በሌላው እግሩ ከኋላ ይገፋኛል። «ቀጥ በል እንጂ ፌስተስ! ጉልበትህን ወደ ውስጥ! አርባ ዓመት ጎረቤቴ ሆነህ ባላ መሆን አልተማርክም?» ይለኛል። ባለቤቴ በመስኮት እያየች ትስቃለች። እኔም ቦቱን ከነጭቃው ሆዴ ላይ ታቅፌ እረግመዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ያዘውና ሦስት ቀን አልመጣም። በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የጓሮዬን በር ከፍቼ መንገዱን አያለሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ባለቤቴ ምን እንደጠፋኝ ጠየቀችኝ፤ ምንም አልኳት። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን መዋሸት አቃተኝ፤ ያ ሰውዬ ናፈቀኝ አልኳት።

በአራተኛው ቀን የቦቱን ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ሰማሁ። አፍንጫው ቀልቷል፣ ድምፁ ተዘግቷል። ገና ደረጃው ላይ ሳይቀመጥ፣ እግሩንም ሳያነሳ፣ እኔ ዞሬ ጎንበስ ብዬ ጠበቅሁት።